ስለሚዘነበሉና ስለማይነቃነቁ የምድጃ ዘንጎች

(በተማሪዎች ኅብረት የወር ስብሰባ ላይ በአንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ የተሰጠ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ፤ ለወጥ ቤቱ ምድጃ ከኅብረቱ ሣጥን የወጣው ገንዘብ ምን ላይ እንደ ዋለ ከመካከላችን አንዱ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጠያቂው ጓደኛችን ቀጥሎም «ምድጃ ለመሥራት ኢንጂነር ያስፈልጋልን? እናቶቻችን በሦስት ጉልቻ አይደለም ወይ ያሳደጉን?» ሲል አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዛሬ ግን መልሱን ይዤ ቆሜአለሁ። ገንዘቡ ሰባት የማይነቃነቁና ስድስት የሚዘነበሉ የብረት ዘንጎች ሆኗል፤ ሁለት ጊዜም ተሳስተንበታል። እንዴት እንደ ተሳሳትን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ከምን እንደ ተነሣ ላስረዳ። ታላቁ ድስት የሚጣድበት ምድጃ የነበረው ፍርግርግ ከፌሮ ብረት የተበየደ ነበር። ፍርግርግ ማለት እሳቱ የሚተኛበት የብረት አልጋ ነው። ከላይ ፍሙን ይሸከማል፤ ከሥር የሚመጣውን አየር ያሳልፋል፤ አመዱን ወደ ታች ያወርዳል። ፍልጥ ብቻ በሚነድበት ዘመን ፌሮው እየጎበጠም ቢሆን ያገለግል ነበር። የእንጨት ዋጋ እየተወደደ ሲሄድ ግን ወጥ ቤቱ በባሕር ዛፉ ፍልጥ ላይ የቡና ገለፈት እየጨመረ ማንደድ ጀመረ።

የቡና ገለፈት የሚናቅ ማገዶ አይደለም። ደረቅ ከሆነ ኪሎው የሚሰጠው ሙቀት ከአንድ ኪሎ እንጨት አያንስም። ዳሩ ግን ሁለት ክፉ ጠባይ አለው። አንደኛው፤ ቀላልና ደቃቅ ስለ ሆነ በሰፊ ክፍተት ሳይነድ ይሾልካል። ሁለተኛው የባሰ ነው። አመዱ ፖታሲየም የበዛበት በመሆኑ ሙቀቱ ገና 1000 ዲግሪ ሳይደርስ ይለሰልሳል፤ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሲቀዘቅዝም እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። እንዲህ ያለው የጋገረ አመድ በፍርግርጉ ላይ እንደ ቂጣ ሲነጠፍ ከሥር የሚመጣው አየር ይታፈናል። እሳቱ ይጨሳል እንጂ አይነድም።

ይህን ያየሁት በመጽሐፍ አይደለም። አንድ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥ ቤት ገብቼ ቆምሁ። ስማቸውን እዚህ የማላነሣቸው፤ ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው ወጥ ሠሪያችን የምድጃውን በር ከፍተው በረጅም መቆስቆሻ ፍሙን ወደ ጎን እየገፉ ያንን የጋገረ አመድ ይሰብሩ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጭሱና ነበልባሉ ወደ ፊታቸው ይወጣል፤ ቀዝቃዛ አየርም ከእሳቱ በላይ እየገባ ድስቱን ያቀዘቅዛል። ይህን አንድ ወጥ እስኪበስል ድረስ አራት ጊዜ አደረጉት። ዐይናቸው እንዴት እንደ ቀላ ከእናንተ መካከል ቁርስ ለመቀበል የተሰለፈ ሁሉ ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን የጠየቀ ያለ አይመስለኝም። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ተሰልፌ አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ችግሩን በወረቀት ላይ ስናወርደው እርስ በርሱ የሚጣላ ሆኖ አገኘነው። ገለፈቱ እንዳይሾልክ ክፍተቱ ጠባብ ይሁን ብንል አመዱ አይወርድም። አመዱ እንዲወርድ ክፍተቱ ሰፊ ይሁን ብንል ገለፈቱ ሳይነድ ያልቃል። የማይነቃነቅ ፍርግርግ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው። መፍትሔው ክፍተቱን ሁልጊዜ ጠባብ አድርጎ፤ አመዱ መውረድ ባለበት ሰዓት ብቻ ዘንጎቹን ማነቃነቅ ነው፤ ያውም በሩ ሳይከፈት፤ ከውጭ በእጀታ።

እዚህ ላይ በሥራ ቡድናችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን «ዘንጎቹ ሁሉ ይዘንበሉ» አለ። እውነቱን ለመናገር አመድ በመስበር በኩል የእርሱ አሳብ ይበልጣል፤ የአንዱ ዘንግ ጠርዝ ሲነሣ የጎረቤቱ ጠርዝ ስለሚወርድ ቅርፊቱን ከሁለት ወገን ይቀጨዋል። ነገር ግን ሁሉም ሲዘነበሉ እሳቱን የሚይዝ ነገር አይቀርም። በተጨማሪም የሚነቃነቅ ነገር ሁሉ የሚበላሽ ነገር ነው፤ አሥራ ሦስት ዘንግ ቢነቃነቅ ሃያ ስድስት ጆሮ በአመድ መካከል ይዞራል ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ቋሚ፤ አንዱን ተዘንባይ እያደረግን አፈራረቅናቸው። ቋሚዎቹ እሳቱንና ክብደቱን ይሸከማሉ፤ ተዘንባዮቹ በመካከላቸው እየተወዛወዙ አመዱን ይሰብራሉ። ቋሚው ዘንግ ሥራ ፈት የሚመስለው ላላየው ሰው ነው።

ልኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። የቋሚዎቹ ስፋት 20 ሚሊ ሜትር፤ የተዘንባዮቹ 40፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት 8 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቶቹ አሥራ ሁለት ስለ ሆኑ ከጠቅላላው ገጽ አንድ አምስተኛው ለአየር ክፍት ነው። ምድጃው በሰዓት 20 ኪሎ ያህል ማገዶ ይበላል፤ ለአንድ ኪሎ ማገዶ 10 ኪሎ አየር መደብን፤ ይህም ለመንደድ ብቻ ከሚያስፈልገው እጥፍ ያህል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከባሕር ማዶ የመጡት መጻሕፍት የሚሰጡት የአየር ልክ በባሕር ወለል ላይ ላለ አገር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ወለሉ በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ 200 ኪሎ አየር እዚያ 165 ሜትር ኩብ ያህል ቢሆን እዚህ ወደ 220 ይደርሳል። የጭስ ማውጫው የመሳብ ኃይልም እንደዚሁ ይደክማል። የመጽሐፉን ቁጥር እንዳለ ብንገለብጠው ኖሮ በትክክል ያሰላነው ምድጃ በትክክል ይጨስ ነበር።

አሁን ወደ ስሕተቶቻችን ልምጣ።

በመጀመሪያው ንድፍ ዘንጎቹን ሁሉ እኩል ጥልቀት፤ 6 ሴንቲ ሜትር አድርጌ ነበር የሣልኋቸው። ምክንያቱም ዘንግ ጥልቅ ሲሆን ከሥሩ የሚያልፈው አየር የበለጠ ያቀዘቅዘዋል፤ አይጎብጥም። ንድፉ እጅግ ያማረ ነበር። ከካርቶን ቆርጠን ስንሞክረው ግን ተዘንባዩ ጥቂት ዞር እንዳለ የታችኛው ማዕዘኑ ከቋሚው ጋር ተጋጭቶ ቆመ። የሚዞር ነገር የሚይዘው ቦታ በስፋቱ ሳይሆን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ባለው ልክ መሆኑን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር፤ ሳልሠራበት ግን ዕውቀቱ በደብተሬ ቀረ። ስለዚህ የተዘንባዮቹን ውፍረት ወደ 16 ሚሊ ሜትር አወረድነው። ቋሚዎቹ በጥልቀታቸው ቀሩ፤ አመድ እንዳይሰነቀርም ወደ ታች እየቀጠኑ እንዲሄዱ አደረግን። የተዘንባዮቹን ጆሮዎች ከመካከላቸው ትንሽ ከፍ አድርገን ስላስቀመጥናቸው እጀታው ሲለቀቅ በክብደታቸው ተመልሰው ይተኛሉ። ይህ በካርቶን የታረመ ስለ ሆነ ከስሕተት አልቆጥረውም፤ ሣጥናችንንም አልነካም።

ሣጥኑን የነካው ቀጥሎ ያለው ነው። ዘንጎቹን በጊዛ አስፈስሰን፤ ከላሜራ በተሠራ ክፈፍ ላይ ገጠምናቸው። በቀዝቃዛው ሲሞከሩ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራሉ። እሳት በተነሣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግን እጀታው አልነቃነቅ አለ። ሁለት ሰዎች ብንጎትተው ፔርኖው ታጠፈ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጊዛ በ500 ዲግሪ ሲሞቅ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። እኛ በሁለቱም ጫፍ የተውንለት አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ዘንጎቹ በክፈፉ መካከል ተወጥረው ከመንቀሳቀስ ይልቅ ክፈፉን ገፉት። ክፈፉን እንደ ገና ማሠራት ግድ ሆነ፤ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ያያችሁት የላሜራ ዋጋ ይህ ነው። አሁን ዘንጎቹ በፊት ለፊት በኩል ብቻ ተይዘው በኋላ በኩል 5 ሚሊ ሜትር ነፃ ናቸው።

ሦስተኛውን ለመናገር አፍራለሁ፤ ዳሩ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነው። ክፈፉ ከታረመ በኋላ ስድስቱም ተዘንባዮች በአንድ አያያዥ ብረት ተያይዘው በአንድ እጀታ የሚሠሩ ሆኑ። እኛ ወርክሾፕ ውስጥ ስንሞክረው ጥቂት፤ አሥራ አምስት ዲግሪ ያህል ብቻ እናወዛውዘው ነበር። በዚህ ልክ የዘንጉ ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ክፍተቱ አይሰፋም፤ አመዱ ግን ተሰብሮ ይወርዳል። እትዬ የተረከቡት ቀን ሥራው ቸኩሎባቸው ነበርና እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ዘንጎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተከፈተ፤ ጉማጁ ከላይ ሲቀር የገለፈቱ ፍም ሁሉ አንድ ጊዜ ወደ አመድ ማጠራቀሚያው ወረደ። ከማጠራቀሚያው አፍ የዘለለው ፍም በረባሶ ያደረገ እግራቸውን አቃጠላቸው። በዚያ ቀን ምሳ በ9 ሰዓት እንደ ተበላ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ያን ጊዜ ውኃ ጠፍቶ ነው ተባለ እንጂ ምክንያቱ እኛ ነበርን።

ይቅርታ ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ አልተቆጡም። «ልጄ፤ እንድስበው ሰጠኸኝ፤ እስከ የት እንደምስበው ግን አልነገርኸኝም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያገኘሁት ነገር የበለጠ አሳፈረኝ፤ መልሱ ቀድሞ የተገኘ ነበርና። በእንግሊዝ አገር የእንፋሎት ባቡር ፍርግርግ የማይነቃነቅ በነበረበት ዘመን እሳት አንዳጁ ጉዞው ሲያበቃ የጋገረውን አመድ በረጅም አካፋ በእሳቱ በር እየጎተተ ያወጣ ነበር፤ እንደ እትዬ ማለት ነው። በ1942 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የአሜሪካ ጦር ወደዚያ ያመጣቸው ባቡሮች ተዘንባይ ፍርግርግ ነበራቸው። በ1951 የእንግሊዝ መንግሥት የባቡር ድርጅት ማሠራት በጀመራቸው አዳዲስ ባቡሮችም ላይ ገባ። የእነዚያ እጀታ ሁለት ልክ ነበረው። ባቡሩ በጉዞ ላይ ሳለ ማገጃው ጥቂት እንዲወዛወዝ ብቻ ይፈቅዳል፤ እሳቱን በሙሉ ለማራገፍ ሲፈለግ ግን ማገጃው አስቀድሞ መነሣት አለበት። እኛ በዘንጉ ላይ ወራት ስንደክም፤ ማገጃውን ማሰብ ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ አላሰብነውም። ምክንያቱም ስንሣል እጀታውን በአሳባችን የያዝነው ራሳችን ነበርን።

አሁን ምድጃው እንዲህ ሆኗል። ተዘንባዮቹ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት እጀታ ተከፍለዋል፤ አንደኛው ወገን ሲወዛወዝ ሁለተኛው እሳቱን ይይዛል። በእያንዳንዱ እጀታ ላይ በሰንሰለት የታሰረ ፔርኖ አለ፤ እርሱ ሳይነቀል ከአሥራ አምስት ዲግሪ በላይ መሳብ አይቻልም። የሚነቀለው ማታ፤ እሳቱ ከበረደና የአመድ ማጠራቀሚያው ከተዘጋ በኋላ ነው። እትዬ ጎንበስ ማለት ወገባቸውን እንደሚያማቸው ስለ ነገሩን እጀታውን ከጉልበት ወደ ወገብ ከፍታ አንሥተን ጫፉን እንጨት አለበስነው። ይህ በየትኛውም መጽሐፍ አልነበረም። በሩ አሁን የሚከፈተው ማገዶ ለመጨመር ብቻ ነው።

ክቡር ሊቀ መንበር፤ በአጀንዳው ላይ «በሁለተኛውም ምድጃ ይተከል» የሚል አሳብ ቀርቧል። የቡድናችን አባሎች ቅር ቢላቸውም እኔ በበኩሌ ዛሬ አይወሰን እላለሁ። ከስድስቱ ተዘንባዮች በመካከል ያሉት ሁለቱ፤ ሙቀቱ የሚበረታባቸው፤ መጎበጥ ጀምረዋል። ከቋሚዎቹ ይልቅ ስስ ስለ ሆኑ ይህ የሚጠበቅ ነበር፤ በምን ያህል ጊዜ እንደሚጎብጡ ግን ገና እየለካን ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ምድጃው ሲቀዘቅዝ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አስደግፈን ጉብጠቱን እንመዘግባለን። ጉብጠቱ 4 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ዘንጉ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሲዞር ቋሚውን ይነካል። ከኅብረቱ የምንለምነው ለሁለት መለዋወጫ ዘንጎች የሚበቃ ገንዘብና ሦስት ወር ጊዜ ብቻ ነው። በሦስቱ ወር ውስጥ ሁለቱ ዘንጎች ከአንድ ጊዜ በላይ መለወጥ ካስፈለጋቸው፤ ንድፉ ለሁለተኛው ምድጃ አይገባም ብዬ ራሴ እዚሁ ቆሜ እናገራለሁ።

ስለ ሦስት ጉልቻ የጠየቀው ጓደኛችን ቅዳሜ በ8 ሰዓት ወጥ ቤት ቢመጣ ደስ ይለኛል። ማስመሪያውን የሚይዝ አንድ ሰው ይጎድለናል።