ውኃውን የሚያውቁ ሁሉ ይጠሩ
ስለ ቢልሃርዝያና ስለ ሳይንስ ጉባኤዎች በአሰላ የተደረገ ንግግር



ድርቅ ያጠቃው ሕዝብ ወደ ሌላ ሥፍራ ሲዛወር አስቀድሞ የሚቆጠረው እህሉ፣ ድንኳኑ፣ የእርሻ በሬውና የዘሩ መጠን ነው። ሰፋሪው የሚጠጣውና ልብሱን የሚያጥብበት ውኃ በውስጡ ምን እንዳለ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሕመም ከገባ በኋላ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ስለዚሁ ውኃ፣ በተለይም ስለ ቢልሃርዝያና ስለ በሽታው መከላከያ በአፍሪካ ምድር የተካሄዱ ሁለት ዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ስለሰጡት ትምህርት መግለጽ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንደሚታወቀው አሰላ በጭላሎ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የደጋው ብርድ የአንጀት ቢልሃርዝያን ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ አይመችም። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ዝዋይ ሐይቅና ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ሌላ ውኃ ይገጥመዋል። በወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የመስኖ ቦዮች አካባቢ በሽታው መኖሩ ከተመዘገበ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ለደገኛው ቦዩ በረከት ነው፤ በውስጡ ያለውን አደጋ የሚነግረው ከሌለ እግሩን ነክሮ ይሠራል፤ ልጆቹም ይዋኙበታል።

የበሽታው አካሄድ እንዲህ ነው። ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋር የወጣው የትሉ እንቁላል ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። እጩ በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ገብቶ ይባዛል፤ ከዚያም ወጥቶ ወደ ውኃው የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለሆነም ከቀንድ አውጣው፣ ከሰውየው ወይም ከመጸዳጃው በአንዱ ላይ ሰንሰለቱን መበጠስ ይቻላል።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዞች ጥናት ሲያካሂዱ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። የአርሲ ኦሮሞ አንዶዴ የሚለው ይህ ተክል በደጋው አጥር ሥር የሚበቅል፣ ፍሬው እንደ ሳሙና የሚያገለግል ነው። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው የሙከራ ሥራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ዘንድ የበሽታው መጠን ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ ማለቱ ተመዝግቧል። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእንዶድን ዝርያዎች እያወዳደሩ ዓይነት 44 የተባለውን ለልማት መረጡ።

ሆኖም ግኝቱ ወዲያው ዓለም አቀፍ ተቀባይነት አላገኘም። የእንዶድ መርዛማነት በታወቀ የቤተ ሙከራ ሥርዓት ተመርምሮ እንዲረጋገጥ ተጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና። ነገር ግን እንዲህ ያለው ምርመራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በሽታው ባለባቸው አገሮች ደግሞ ምርመራውን የሚያካሂዱ ቤተ ሙከራዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ዕውቀቱ በአንድ ወገን፣ መሣሪያው በሌላ ወገን ቀረ።

ሁለቱን ወገኖች ለማገናኘት በመጋቢት 1983 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ዓውደ ጥናት ተካሄደ። የስብሰባውን ዘገባ ለኅትመት ያዘጋጁት ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ አሜሪካዊው የጥገኛ ተሐዋስያን ሊቅ ዶናልድ ሄይነማንና ዛምቢያዊው ሲላንግዋ ነበሩ። በሚያዝያ 1986 ሁለተኛው ዓውደ ጥናት በስዋዚላንድ፣ ዛሬ ኤስዋቲኒ በምትባለው አገር፣ በምባባኔ ተካሄደ፤ በዘገባው ዝግጅትም የአገሪቱ የኬሚስትሪ ሊቅ ፕሮፌሰር ሊዲያ ማኩቡ ተካፋይ ሆኑ። በሁለቱም ጊዜ ስብሰባው የተጠራው በሽታው ባለበት አህጉር ነው። የግብርናው፣ የኬሚስትሪው፣ የመርዛማነቱና የጤናው ጥያቄዎች አንድ ላይ ቀረቡ። አክሊሉና ለገሠ በ1989 አማራጭ የኖቤል ሽልማት በመባል የሚታወቀውን ሽልማት ተቀበሉ።

የእንዶድ ታሪክ በዚህ ተጠናቀቀ ማለት ግን አይደለም። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በስፋት በመዳረሱ የመከላከሉ ሥራ ይበልጡን ወደ ክኒኑ አዘነበለ። የዓለም የጤና ጉባኤም በ2001 ለበሽታው ከተጋለጡ የትምህርት ቤት ልጆች ቢያንስ ከመቶ 75ቱ መድኃኒት እንዲደርሳቸው ወሰነ። ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ልጁ በማግስቱ ወደዚያው ቦይ ቢመለስ ግን እንደገና ከመያዝ አያድነውም። በመሆኑም ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃና የቀንድ አውጣ ቁጥጥር ዛሬም የሚያስፈልጉ ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ጉባኤ ለሚያዘጋጁ ሁሉ አራት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የስብሰባው ሥፍራ ለበሽታው የቀረበ ይሁን፤ በአሰላ የሚሰበሰብ ባለሙያ ጠዋት ተነሥቶ የአዋሽን ቦዮች በዓይኑ አይቶ መመለስ ይችላል። ሁለተኛ፣ የመጓጓዣ ገንዘብ የሌለው ወጣት ተመራማሪና የገጠር ጤና ሠራተኛ ወጪያቸው አስቀድሞ ይታሰብ፤ ጥሪ ብቻውን አያደርስምና። ሦስተኛ፣ ውይይቱ በአማርኛና በኦሮምኛ ይተርጎም፤ ጊዜውም ገበሬው ከእርሻና ከአጨዳ የሚያርፍበት ይሁን። አራተኛ፣ የሰውና የእንስሳት ሐኪሞች ጎን ለጎን ይቀመጡ። የአርሲ ገበሬ በበጎቹና በከብቶቹ ላይ ጉዳት የሚያደርሰውን የጉበት ትል ጠንቅቆ ያውቃል፤ ያም ትል በቀንድ አውጣ የሚተላለፍ በመሆኑ ረግረጉን የሚጠብቅ እረኛ ለሊቃውንቱ የሚነግራቸው አያጣም።

ከሁሉም በላይ መዘንጋት የሌለበት፣ የዓድዋው ምርምር የተነሣው ከልብስ አጣቢዎች ሥራ መሆኑ ነው። ሳይንቲስቱ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ያየው፣ ሴቶቹ ከትውልድ ትውልድ ያቆዩት ልማድ ወንዙ ዳር ስለጠበቀው ነው። ወደፊት የሠፈራ ቦታ የሚመርጥ ኮሚቴም ሆነ ጉባኤ የሚጠራ መሥሪያ ቤት ከሊቃውንቱ ስም ቀጥሎ የውኃ ቀጂዋንና የሰፋሪውን ወንበር ያዘጋጅ። በስብሰባው የተወሰነውም ነገር በሚገባቸው ቋንቋ ተጽፎ ወደ መንደራቸው ይመለስ። እንዲህ ከተደረገ ሰፋሪው ቦዩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የውኃውን ጠባይ ያውቃል።