ለገሃርን ሼር ከማድረጋችን በፊት

ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ በነበረን ውይይት ላይ የተናገርኩትን ያልመጣችሁ ስለጠየቃችሁኝ ይኸው ጻፍኩት።

እስቲ እጅ አውጡ። የአፄ ምኒልክንና የባቡሩን ምስል ሼር አድርጎ የማያውቅ አለ? የለም። እሺ፣ የለገሃር ጣቢያን ቆሞ ያየስ? ሦስት ሰው! አትሳቁ፤ እኔም እስከ አምና ድረስ ከእናንተው ጋር ነበርኩ። ከአያት በቀላል ባቡሩ መጥቼ፣ ለገሃር ወርጄ፣ ሲቪዬን ኮፒ አድርጌ ሥራ ፍለጋ እዞራለሁ። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀውን ያንን ሕንፃ ስንቴ አልፌዋለሁ! «ለገሃር» ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ፣ «ጣቢያው» ማለት መሆኑን እንኳ ያወቅኩት ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላ ነው።

ታሪኩ «ምኒልክ ባቡር አስገቡ» ብለን የምንዘጋው አይደለም። ፈቃዱን ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነው፤ ከዓድዋ ሁለት ዓመት በፊት። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀመረ። ሐረር ተራራው ስላስቸገረ ሐዲዱ ከታች በሜዳው አለፈና በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ድሬዳዋ የምትባለው ከተማም በዚያው ተወለደች።

ከዚያ ቆመ። ለዓመታት! ምክንያቱም ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው የፈረንሳይ መንግሥት ገባበት፣ ውሉም ምኒልክ ሳይጠየቁ ተፈረመ። ንጉሡ ተቆጡ፤ ሐዲዱ ከድሬዳዋ እንዳያልፍ ያዙት። በ1899 ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ እኛው አገርና ስለ ባቡሩ ለንደን ላይ ተፈራረሙ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ማሽኑን ማስገባት አንድ ነገር ነው፣ ከማሽኑ ጋር የሚገባውን ውል መቆጣጠር ግን ሌላ ትግል ነው። በመጨረሻ ኩባንያው ከስሮ፣ ሌላ ተቋቁሞ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ምኒልክ ያረፉት በ1906። አዎ፣ አላዩትም።

እንፋሎቱን ደግሞ አስቡት። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ ነው። እንፋሎት ውኃ ይጠጣል፤ መንገዱ ግን በረሃ። መጀመሪያ ጉዞው ሦስት ቀን ነበር፤ ባቡሩ ቀን ቀን ብቻ ስለሚሄድ ሰው ድሬዳዋና አዋሽ ያድራል። በሚያዝያ 1928 ጃንሆይ ወደ ስደት የወጡት በዚሁ መስመር ነው። ከጣቢያው ፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳም ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ የተመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አምና እዚያ አንበሳ አጠገብ አንድ ጡረተኛ አገኘሁ። ድሬዳዋ ወርክሾፕ የሠሩ ናቸው። «አባባ፣ እንፋሎቱን ነድተዋል?» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ እኔ ስቀጠር ናፍጣ ነበር» አሉኝ። እውነት ነው፤ ናፍጣው የመጣው በ1940ዎቹ ነው። የእንፋሎቱን ያወቁት ካስተማሯቸው ሽማግሌዎች ነው፤ ቦይለሩ ሲበዛበት እንዴት እንደሚጮህ በአፋቸው አሰሙኝ። በጥር 1977 አዋሽ ላይ፣ ኩርባው ላይ ፍጥነት ሳይቀንስ ወድቆ ከ400 በላይ ሰው ስለሞተበት ባቡር ስጠይቃቸው ግን ዝም አሉ። እኔም አልደገምኩም።

ቁጥራቸውን ተቀብዬ ነበር። ሥራ ፍለጋው አዘናጋኝና ከአራት ወር በኋላ ስደውል ልጃቸው አነሳች። አርፈዋል። አንድ ደቂቃ ድምፅ እንኳ አልቀዳሁም! ስልኬ ግን በእናንተ ፖስት ስክሪንሾት ሞልቷል።

አዲሱ ባቡር በ2009 ተመርቋል፤ ጥሩ ነው። እሱ ግን በኤሌክትሪክ፣ በሰፊ ሐዲድ የሚሄድ ሌላ መስመር ነው፤ ጣቢያውም ከመሃል ከተማ ውጭ ነው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፤ አብዛኛው ቆሞ ቀርቷል፣ በየቦታውም ተነቅሏል። ለገሃር ዙሪያ ትልቅ ግንባታ እንደሚሠራ በ2011 ተነግሯል። ሕንፃውን የሚጠብቅ ሕግና በጀት እንጠይቅ፣ እስማማለሁ። የሰውየውን ጆሮ ግን የትኛው በጀት ይጠብቀዋል?

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህንን ነው። የባቡር ጡረተኛ አያት፣ አጎት፣ ጎረቤት ያላችሁ ዛሬ ደውሉ። ድሬዳዋ ያላችሁ ከዚራና ለገሀሬ ሂዱ። ኦሮሞ ይሁን ሶማሌ፣ አፋር ይሁን አማራ አትምረጡ፤ ሐዲዱ ላይ ሁሉም ሠርቷል። በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩ። ምን ሠሩ? ማን አስተማራቸው? የመሣሪያው ስም ምን ነበር? መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፣ አታቋርጧቸው፣ ሙዚቃ አትጨምሩበት።

በመጪው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት አንበሳው ፊት እንገናኝ። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ቦታ አስለቅቃችሁ ኑ።