ሒሳቡ ይነበብ፦ ከአካባቢ ተመራጮች ሥነ ምግባርንና ተጠያቂነትን ስለ መጠየቅ



ንግግሬን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ በሰማነው አባባል ልጀምር፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»። አባባሉ ስለ ሹሙ ብቻ የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን ሹም መብላቱ እንደማይቀር አስቀድሞ የተቀበለውንም ሕዝብ ይገልጻል። ዛሬ ላተኩር የምሻው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። «ተጠያቂነት» የሚለው ቃላችን ራሱ «ጠየቀ» ከሚለው ግስ የተገኘ ነው። ጠያቂ በሌለበት ተጠያቂ አይኖርም።

ለመሆኑ መጠየቅን አናውቅምን? በሚገባ እናውቃለን። ማስረጃው እድራችን ነው። የእድር ገንዘብ ያዥ በአባላት ጉባኤ ፊት ቆሞ ገቢውንና ወጪውን ያነባል። የተጓደለ ብር ቢኖር፣ በሌላ ጊዜ ዝምተኛ የሆኑ እናት እንኳ ተነሥተው ይጠይቃሉ። በእርግጥ ሒሳቡ የተበላሸበት እድር የለም አልልም። ሆኖም ጥያቄው እንደ ድፍረት አይቆጠርም። ይህን የሚያስችሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ አባል ያዋጣውን ያውቃል፤ መተዳደሪያ ደንቡን ያውቃል፤ ሒሳቡም በጉባኤ ፊት ይነበባል። እነዚህ ሦስቱ ሲጎድሉ ምን እንደሚከተል ለማየት ወደ ሌላ አገር ልውሰዳችሁ።

በካሊፎርኒያ፣ በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ፣ ከ30 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ያሏት ቤል የተባለች ከተማ አለች። አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው፣ ዝቅተኛ ገቢ የሚያገኙ ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከተማዋ በራሷ ቻርተር ትተዳደር ዘንድ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ጉዳዩ አሰልቺ የአስተዳደር ነገር ይመስል ስለነበር ድምፅ የሰጡት ከ400 ያነሱ ሰዎች ነበሩ። ቻርተሩ ግን የግዛቱ ሕግ በምክር ቤት አባላት ደመወዝ ላይ ከጣለው ገደብ ማምለጫ በር ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጠኞች ሰነዶቹን አግኝተው እውነቱን ገለጡ። የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ በዓመት ወደ 800 ሺህ ዶላር ይከፈለው ነበር፤ ይህም ከአገሪቱ ፕሬዚዳንት ደመወዝ እጥፍ ገደማ ነው። በትርፍ ሰዓታቸው ከሚያገለግሉት አምስት የምክር ቤት አባላት አራቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ወደ 100 ሺህ ዶላር ይወስዱ ነበር። የዚህ ገንዘብ አብዛኛው እምብዛም ለማይሰበሰቡ ቦርዶች የሚከፈል አበል ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ምስጢሩ ከመገለጡ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ነዋሪ የደመወዙን መጠን ጠይቆ ነበር። የተሰጠው ሰነድ ግን ከእውነተኛው እጅግ ያነሰ አኃዝ የያዘ ነበር። እንግዲህ ብቻውን የሚጠይቅ ሰው በቀላሉ ሊታለል ይችላል። ነዋሪዎቹ በኋላ ማኅበር መሠረቱ፤ መጠሪያው ሲያጥር «ባስታ»፣ በስፓኒሽ «በቃ» ማለት ሆነ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ደግሞ በሥልጣን ላይ የቀሩትን ተከሳሽ የምክር ቤት አባላት በድምፃቸው አነሡ። በ2013 ለፍርድ ከቀረቡት ስድስት የቀድሞ አባላት አምስቱ በከፊል ክሶች ጥፋተኛ ተባሉ፤ አንዱ ነፃ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ በ2014 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ነፃ የወጣውን ሰው የጠቀስሁት በምክንያት ነው። ተጠያቂነት ውግዘት አይደለም፤ እውነቱን አጣርቶ በዳይን ከንጹሕ የሚለይ ሥርዓት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ተመራጭም ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችልም ያረጋግጣል። የቤል ነዋሪዎች የተጠቀሙበት መብት በእኛም ሕግ ተጽፏል ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የማግኘት መብትን፣ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ደግሞ የተመራጮችን ሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብን ደንግገዋል። ደንቡ አለ፤ የእድሩ ጉባኤ ግን ጎድሏል።

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በትልልቆቹ ክልሎች ወረዳዎች የጥቅል ድጎማ በጀት ይመደብላቸዋል። የመምህሩ ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያው ወጪ፣ የውኃ ጉድጓዱ ጥገና ከዚሁ ይወጣል። ስለዚህ የወረዳ ምክር ቤት አባል ድክመት ሩቅ የፖለቲካ ወሬ አይደለም፤ ውኃ ፍለጋ የምትሄደው ልጅ ተጨማሪ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው።

ሁለት እንቅፋቶችን ሳላነሣ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። የመጀመሪያው የምርጫ ጉዳይ ነው። በ2005 ዓ.ም. ከተደረገው የአካባቢ ምርጫ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ይገባው የነበረው ምርጫ ተራዝሟል። የምርጫ ቀን ሲርቅ የተመራጩ ጆሮም ይርቃል። ሁለተኛው ጉርብትና ነው። ተመራጩ የክርስትና አባት፣ የሥጋ ዘመድ ወይም የማዳበሪያው ተራ የሚወሰንበት ሰው ሊሆን ይችላል። የገበሬው ዝምታ ስንፍና ሳይሆን ስሌት መሆኑን የተማረው ሰው ሊረዳ ይገባል።

መውጫው ጥያቄውን ከአንድ ሰው ትከሻ አውርዶ የጉባኤ ልማድ ማድረግ ነው። «አቶ እገሌ ሰርቀዋል» ማለት ክስ ነው፤ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ጠብም ይወልዳል። «የዘንድሮው ሒሳብ ይነበብልን» ማለት ግን ማንንም አይከስም፤ ንጹሑን ተመራጭ ያስከብራል፤ ሌላውን ያስጨንቃል።

ተማሪዎቻችን ሆይ፤ ለዕረፍት ወደ አካባቢያችሁ ስትመለሱ አንድ ነገር አድርጉ። የወረዳችሁን በጀት ፈልጉ፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ከሆነ አንብቡት፤ ካልተለጠፈ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ብቻችሁንም አትሂዱ። ያነበባችሁትን ማንበብ ለማይችሉት አንብቡላቸው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ካልጠየቁ ግን የሚቀረው ከማዕረግ ይበልጣል፤ የጤና ጣቢያው መድኃኒትና የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ነው።