ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ አቤ ሐይቅ
የዛሬው ርእሳችን አዋሽ ነው፤ መነሻችን ግን የአዲስ አበባው ምኒልክ አደባባይ።

ከአደባባዩ ቁልቁል ወርዳችሁ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ስትቆሙ፣ ከሥራችሁ የሚያልፈው ከእንጦጦ የመጣ ወንዝ ነው። ክረምት ላይ ደፍርሶ፣ ድንጋይና የፕላስቲክ ጠርሙስ እያንጋጋ ይወርዳል። ወዴት?

እንጦጦ ውኃን ለሁለት የሚከፍል ተራራ ነው። በሰሜን ጀርባው የወረደው በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ ሜዲትራኒያን ድረስም ይጓዛል። በእኛ በኩል የወረደው ደግሞ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

በበረሃ የሚቀር ወንዝ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ድንቅነሽ፣ ማለትም ሉሲ፣ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው በታችኛው አዋሽ፣ ሐዳር ላይ ነው። የአውሳ ሱልጣኖች የጸኑትም ወንዙ በሚያጠጣው ለም መሬት ላይ ነበር። በ1868 ዓ.ም. የግብፅን ጦር እየመራ የመጣው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር እዚያው በአፋሮች እጅ ወደቀ። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ቆቃ ግድብ ደግሞ ለከተሞቻችን መብራት፣ ለወንጂ ሸንኮራ አገዳም የተመጠነ ውኃ ሰጠ።

እኛን የሚያሳስበን የዛሬው ነው። የአዲስ አበባ ፋብሪካና መጸዳጃ ፍሳሽ በአቃቂ አድርጎ ከቆቃ በላይ አዋሽን ይቀላቀላል። ከቆቃ በታች ያለችው አዳማ የምትጠጣው ይህንኑ ውኃ አጣርታ ነው።