ዘፈኑ፣ ዘፋኙ እና ዳኛው፦ በቴዎድሮስ ካሳሁን ዙሪያ የተነሡ ውዝግቦች ምን ያስተምሩናል?



የዛሬው ንግግሬ ቴዲ አፍሮ በሚለው የመድረክ ስሙ ስለሚታወቀው ድምፃዊ ስለ ቴዎድሮስ ካሳሁን ነው። ስለ ድምፁ ወይም ስለ ዜማው ለመፍረድ አልመጣሁም፤ ያ የሙዚቃ ባለሙያዎች ድርሻ ነው። እኔ የቃል ግጥምና የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ። የሚያሳስበኝ አንድ ዘፋኝ በአንድ ሕዝብ መካከል ለዓመታት የማይበርድ ሙግት ሲያስነሣ፣ ሙግቱ ራሱ ስለ እኛ ምን እንደሚናገር ነው። በክፍል ውስጥ ይህን ስም ባነሣሁ ቁጥር ተማሪዎቼ ከመቅጽበት በሁለት ጎራ ይሰለፋሉ፤ ብዙውን ጊዜም ሁለቱ ጎራዎች የሚከራከሩት ስለ ተለያየ ነገር ነው።

የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በዚህ ድምፃዊ ዙሪያ የተነሡት ክርክሮች አራት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ከረጢት ከተዋል፦ ምን ዘፈነ? ምን አደረገ? ምን ተናገረ? መዝፈንስ ይፈቀድለታል ወይ? እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ማስረጃና የራሱ ዳኛ አለው። የአንዱን መልስ ለሌላው ባዋስን ቁጥር የሚጎዳ ሰው ይኖራል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስ። በአገራችን ዘፋኝንና ሥልጣንን ያጋጨው የእኛ ዘመን ብቻ አይደለም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የግራዚያኒ አስተዳደር ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን ሲያሳድድ አዝማሪዎችንም አብሮ አሳድዷል፤ ወሬና ተስፋ በማን አንደበት እንደሚጓዝ ተረድቶ ነበርና። ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላም የክብር ዘበኛው ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ለእስር ተዳርጓል። ጋዜጣ በተወሰነበት፣ ምክር ቤት በማይከራከርበት አገር ዘፈን የሕዝብ አደባባይ ይሆናል። አደባባይ የሆነ ዘፈን ደግሞ እንደ ዘፈን ብቻ አይደመጥም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልለፍ፤ ምን ዘፈነ? «ያስተሰርያል» የተሰኘው አልበም በ1997 ዓ.ም. ወጣ። ዓመቱ የግንቦቱ ምርጫ የተካሄደበት፣ ከምርጫው በኋላም በሁከት የሰው ሕይወት የጠፋበት ጊዜ ነበር። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን የተቃውሞ መዝሙር ተደርጎ ተወሰደ፤ ከመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥንም ተገለለ። እዚህ ላይ ቃሉን እንመርምር። «ያስተሰርያል» «ሥርየት» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር ያለው የግእዝ ልጅ ነው፤ ከንስሐና ከምሕረት ቋንቋ የመጣ ነው። አድማጩ ምሕረትን ሰማ። ባለሥልጣኑ ግን ክስን ሰማ። ሁለቱም ከቃሉ ውጭ አልሄዱም፤ ሥርየት ያለ በደል አይታሰብምና። ይቅር እንባባል የሚል ሰው፣ ሳይወድም ቢሆን፣ የተበደለ አለ እያለ ነው።

በቅኔ ቤት ወርቁን ከሰሙ የሚለይ፣ ያልተባለውን አልተባለም ብሎ የሚመልስ መምህር አለ። በአደባባይ ግን እንዲህ ያለ መምህር የለም፤ እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ወርቅ ይቆፍራል። ስለዚህ «ምን ዘፈነ?» ለሚለው ጥያቄ ዳኛው የጽሑፉ ንባብ መሆን አለበት። ደጋፊም ተቃዋሚም በዘፈኑ ውስጥ አገኘሁ የሚለውን በስንኙ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከበደው ነው። በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መጠለያ ያልነበረው አንድ ወጣት በመኪና ተገጭቶ ሞተ። ድምፃዊው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ታሰረ፤ ገጭቶ በማምለጥ ተከሰሰ፤ ድርጊቱን አልፈጸምሁም ብሎ ተከራከረ። በ2001 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ በይግባኝ ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አለ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወርም ተፈታ።

ይህን ጉዳይ ብዙ ሰው የመዘነው በዘፈኑ ሚዛን ነው። ዘፈኑን የወደደ ክሱን የበቀል ሥራ አለው፤ ዘፈኑን የጠላ ፍርዱን ሳይመረምር አጨበጨበ። በመሠረቱ ግን ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፦ መንግሥት ዘፈኑን አልወደደውም፤ አንድ ሰው ደግሞ በመኪና ተገጭቶ ሞቷል፣ ለሞቱም መልስ የሚሰጥ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሁለተኛውን አይሽረውም። ሁለተኛውም የመጀመሪያውን አያስተባብልም። ፍርድ ቤት በሕዝብ ዘንድ ታማኝ ሲሆን ተከሳሹም የሟች ወገንም ውሳኔውን ይቀበላሉ። ታማኝነቱ ሲጎድል ግን ነጻ መውጣትም መቀጣትም የጎራ ጉዳይ ይሆናል።

የድምፃዊውን የእስር ታሪክ የሚተርኩ ሰዎችን ብዙ ጊዜ አዳምጫለሁ። ስለ ቀጠሮው፣ በችሎቱ ደጃፍ ስለ ተሰበሰቡት ወጣቶች፣ ስለ ተፈታበት ቀን ደስታ ይነገራል። የሟቹ ነገር ግን በአንድ ሐረግ ይታለፋል። በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል የዘፈኑን ግጥም በቃሉ የሚያውቅ ብዙ ነው፤ የሟቹን ስም የሚያውቅ ስንት ነው? ጎዳና ላይ የኖረ ሰው በሕይወቱ ያላገኘውን መታየት በሞቱም አላገኘም። ከዚህ ሁሉ ውዝግብ የከፋው ጉዳት ለእኔ ይህ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ምን ተናገረ የሚለው ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው «ጥቁር ሰው» ዐፄ ምኒልክንና የዓድዋን ድል የሚያወድስ ዘፈን ይዞ መጣ። ለብዙዎች ይህ የ1888ቱ ድል መታሰቢያ ነው። ለሌሎች ግን የምኒልክ ስም በ1870ዎቹ በአርሲና በሌሎች አካባቢዎች የተካሄዱትን ዘመቻዎች ያስታውሳል። በ2006 ዓ.ም. ድምፃዊው ያን ዘመቻ «ቅዱስ ጦርነት» ብሎ ጠርቷል የሚል ወሬ በአንድ መጽሔት ስም ተሰራጨ። እርሱ አላልሁም ብሎ አስተባበለ። ሆኖም የበደሌ ቢራን ላለመጠጣት ዘመቻ ተጀመረ፤ የፋብሪካው ባለቤት ሄኒከንም ታስቦ ከነበረው የሙዚቃ ጉዞ ስፖንሰርነቱን አነሣ። በዚያው በ2006 ዓ.ም. በአርሲ የአኖሌ ሐውልት ተመረቀ።

እነዚህን ሁለት ክንውኖች ጎን ለጎን የማስቀምጠው በምክንያት ነው። ሐውልቱን ያቆመው ማኅበረሰብ በቃል ትውፊቱ የአካል መቁረጥ ግፍን ያስታውሳል፤ ዘፈኑን የሚያዜመው ደግሞ ቅኝ ገዥን ያሸነፈ ሠራዊትን ያስታውሳል። ለዓድዋ ከዘመተው ሠራዊት መካከል የኦሮሞ ፈረሰኞችም ነበሩበት። ስለዚህ ሁለቱ ትዝታዎች የሁለት ባዕዳን ሕዝቦች አይደሉም፤ በአንድ ቤት፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ያድራሉ። ይህን ውስብስብ ነገር መርምሮ ማስረዳት የታሪክ ጥናት ሥራ ነው። በጥቂት ደቂቃ ዘፈን ላይ ስንጭነው ዘፈኑ አይችለውም፤ በቢራ ጠርሙስ ላይ ስንጭነውማ ፈጽሞ አይቻልም።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ተናገረ የተባለውን ቃል ከምንጩ ሳያዩ መፍረድ ለማንም አይበጅም። ነገር ግን የተቆጡት ሰዎች የተቆጡበት ቁስል የፈጠራ ወሬ ነው ማለቴ አይደለም። ወሬው ሐሰት ቢሆን እንኳ ቁስሉ ከወሬው በፊት ነበረ፤ ማስተባበያውም አልሻረውም።

አራተኛው ጥያቄ፣ መዝፈን ይፈቀድለታል ወይ የሚለው ነው። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የወጣው «ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበም በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ። በአገር ቤት ግን ከኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ጋር ያደረገው ቃለ ምልልስ ሳይተላለፍ ቀረ፤ በነሐሴ መጨረሻ በሂልተን ሆቴል ሊደረግ የነበረው የምረቃ ዝግጅትም ታገደ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንድ ዜጋ ያስቀየመውን ዘፋኝ ካሴት አልገዛም፣ የሚደግፈውን ቢራ አልጠጣም ቢል መብቱ ነው፤ ሌሎችንም በሰላም ሊያስተባብር ይችላል። መንግሥት በሩን ሲዘጋ ግን የሚዘጋው በዘፋኙ ላይ ብቻ አይደለም፤ በተቺውም ላይ ነው። የታገደን ሥራ በቅንነት የሚነቅፍ ሰው የአጋጁ ተባባሪ ይመስላል። በአልበሙ ውስጥ የተሳለው የነገሥታት ታሪክ የእኔን አያቶች ረስቷል ብሎ በጨዋ ቋንቋ ሊናገር የነበረ ሰው፣ በእገዳው ቀን ወይ ዝም ይላል ወይ ያልመረጠው ጎራ ውስጥ ይገኛል። እገዳ አድናቂውን ያበዛል፤ የሚያስፈልገንን ሒስ ግን ይገድላል።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ስለ ሌላ ድምፃዊ፣ በሌላ ቋንቋ ስለ ተዜመ ሌላ ዘፈን ተመሳሳይ ሙግት ይነሣል። ያን ጊዜ የምትወዱትንም የምትጠሉትንም ዘፋኝ በአንድ ሚዛን መዝኑ። ግጥሙን ሙሉውን አንብቡ፤ የተጠቀሰውን ቃል ከምንጩ ፈልጉ፤ የፍርድ ቤትን ጉዳይ በሕግ ሚዛን ተመልከቱ፤ የምትቃወሙትም ዘፈን እንዲሰማ ተከራከሩለት፤ ካልተሰማ ልትነቅፉት አትችሉምና። ከሁሉም በላይ ደጋፊና ተቃዋሚ ሲጯጯሁ ስሙ ያልተጠራው ተጎጂ ማን እንደሆነ ጠይቁ።

 አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ ጥያቄዎቻችሁንና በተለይም ተቃውሟችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።