ስለ ዕድራችን አዲስ ስልክ አጠቃቀም
(የዕድሩ ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር፤ ላልተገኙ አባሎች በሰሌዳው ተለጥፏል)



እንደምታውቁት ሁሉ ለዕድሩ ቢሮ የተገዛው አዲስ ስልክ ከሰኔ ወር ጀምሮ እየሠራ ነው። ስለ ዋጋው ገንዘብ ያዣችን ሒሳቡን አቅርበዋልና እኔ አልደግመውም። የኔ ቃል ስለ አጠቃቀሙ ብቻ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ከመካከላችን በአንዱ ቤት ሌሊት ኀዘን ደረሰ። የሟቿ ልጅ ወደ ዕድሩ ሦስት ጊዜ ደወለች። በዚያ ሰዓት ዘበኛችን መጋዘን የገባውን ጎርፍ እየጠረገ ስለነበረ ስልኩን ያነሣው መሣሪያው ነው። ልጅቷም የመሣሪያውን ድምፅ ስትሰማ ዘጋች፤ ሦስቱንም ጊዜ። ጠዋት ሲከፈት የተገኘው ሦስት ባዶ መልእክት ነው። በአንደኛው ከሩቅ ልቅሶ ይሰማል፣ የማን ቤት እንደሆነ ግን አይታወቅም። ጥሩምባው ረፍዶ ተነፋ፤ ድንኳኑ የተተከለው ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆሞ ነበር። ልጅቷን ለመውቀስ አይደለም የማነሣው። እናቷ የሞተችባት ልጅ ከማሽን ጋር ምን ታውራ? ነገር ግን ነገ በማንኛችንም ቤት የሚደርስ ስለሆነ ዛሬ በደኅናው ቀን እንነጋገርበት።

ስልኩ አንድ ቁጥር፣ ሁለት መነጋገሪያ አለው። አንደኛው ባለ ገመድ ሲሆን ከቢሮው ጠረጴዛ አይነሣም። ሁለተኛው ገመድ አልባ ነው፤ ዘበኛው ሌሊት ይዞት ይዞራል። ስድስት ጊዜ ጠርቶ ሰው ካላነሣው መልእክት መቅረጫው ራሱ ይከፈትና «ይህ የዕድሩ ስልክ ነው፤ ከድምፁ በኋላ ይናገሩ» ይላል። ቀጥሎ ጢጥ የሚል ድምፅ ይሰማል። ያን ጊዜ አትዝጉ! ሰው እስኪመልስላችሁም አትጠብቁ። አንድ አባታችን «ሄሎ፣ እንደምን አደራችሁ? ምነው ዝም አላችሁ? ተቀየማችሁኝ እንዴ?» ሲሉ መቅረጫው ቦታውን ጨርሶባቸዋል። ሰላምታው ይቆየን። ስማችሁን፣ የቤት ቁጥራችሁን፣ የደረሰውን ነገር በአጭሩ ተናገሩ፤ «እገሊት ነኝ፣ የቤት ቁጥሬ ይህ ነው፣ እናቴ ዐርፋለች» ከተባለ ይበቃል። ያለቀሰ ሰው ቃሉ ስለሚጠፋበት ጎረቤት ቢደውልለት ይሻላል።

የደወላችሁበትንም ሰዓት ተናገሩ። ምክንያቱም የመሣሪያው ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። መሣሪያው ሌሊት 2 ካለ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ማታ 11 ካለ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። በዚህ ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ይሳሳታል። መልእክት ሲኖር ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዘበኛው ከዙር ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የተሰማውን መልእክት እኔ በየማለዳው አጠፋለሁ፤ ቦታው ከሞላ አዲስ አይቀበልምና።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ፤ ዋናው ነገር ይኸ ነው። መብራት ሲጠፋ ገመድ አልባው ባትሪው ሙሉ ቢሆንም አይሠራም። የሚነጋገረው ከመቀመጫው ጋር ነው፣ መቀመጫው ደግሞ በመብራት ነው የሚኖረው። መልእክት መቅረጫውም አብሮ ይሞታል። ባለ ገመዱ ግን ኃይሉን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው በመዳብ ሽቦ ከሚመጣው 48 ቮልት ገደማ ስለሆነ ይጠራል። ቆጣሪውን አጥፍተን ሞክረነዋል። ስለዚህ ኮሚቴው መብራት በጠፋ ሌሊት ዘበኛው ቢሮ ውስጥ እንዲያድር ወስኖ ቁልፍ ሰጥቶታል። በዚያን ሌሊት ስትደውሉ ሰው ካላነሣ ደግማችሁ ደውሉ እንጂ መሣሪያውን አትጠብቁ። በቤታችሁ ባለ ገመድ ስልክ ያላችሁም በመዳብ መስመር ከሆነ እንዲሁ ይሠራል። መስመራችሁ ወደ ፋይበር ተቀይሮ በመብራት በሚሠራ ትንሽ ሣጥን በኩል ከገባ ግን ሣጥኑ ኃይል ሲያጣ ስልኩም ዝም ይላል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ካርቶኑ ላይ 300 ሜትር ይሠራል ተብሎ ተጽፏል። ያ ለሜዳ ነው። በእኛ ግቢ በብሎኬቱና በቆርቆሮው መካከል እስከ መጋዘኑ በር ይሰማል፣ ከዚያ ወዲያ ይቆራረጣል። የመነጋገሪያው ባትሪዎች ኃይል የሚሞሉ ዓይነት ናቸው፤ ተራ የባትሪ ድንጋይ ከሱቅ ገዝቶ መክተት ክልክል ነው። ቻርጅ ላይ ሲቀመጥ ሊያፈስ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። የስልኩን ሶኬት ነቅሎ ሞባይል ቻርጅ ማድረግም ይቅር፤ ማን እንደሚያደርገው እናውቃለን።

«ሞባይል እያለ ይህ ለምን አስፈለገ?» ያላችሁ አላችሁ። ጥያቄው ደኅና ነው። የሊቀ መንበሩ ሞባይል ግን የሊቀ መንበሩ ነው፤ ምርጫ ሲደረግ ቁጥሩም አብሮ ይለወጣል። የዕድሩ ቁጥር በ1998 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቁጥሮች ከ6 ወደ 7 አሃዝ ካደጉ ወዲህ አልተነካም። ብዙ እናቶቻችን በቃላቸው ያውቁታል፤ ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁም ይዘውታል። ከሞባይል ስትደውሉ 011 አስቀድሙ፤ ከውጭ የሚደውሉት 251 ብለው 11 ያስከትሉ።

የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ልምምድ ይሆናል። ከየቤታችሁ እየደወላችሁ ስማችሁንና የቤት ቁጥራችሁን ለመሣሪያው ተናገሩ። ዘበኛችን በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች ስልኩን እንዳያነሣ ተነግሮታል። አስቸኳይ ጉዳይ የገጠመው ሰው ቢኖር በአካል ይምጣ፤ እኔ ከጠዋት ጀምሮ ቢሮ እገኛለሁ።