ከደባርቅ እስከ ዛሪማ፤ የተሳላሚ የአንድ ቀን መንገድ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተነገረ ቃል



በዚህ በዓል ላይ እንድናገር የታዘዝሁት ስለ ተሳላሚ መንገድ ነው። መንገዱን ሁሉ ለመናገር ጊዜው አይበቃም፤ ከጎንደር እስከ አክሱም ጽዮን ብቻ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ አንዱን ቀን መረጥሁ፤ ይኸውም ተሳላሚው ከደባርቅ ተነሥቶ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ዛሪማ የሚያድርበት ቀን ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት ቀኑ የሚያልቀው በእኛ ደጅ ስለ ሆነ ነው።

ተሳላሚ የሚበዛበት ወራት ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ለምን ቢሉ ኅዳር 21 ቀን የጽዮን ማርያም፣ ታኅሣሥ 12 ቀን ደግሞ የጻድቁ የአባ ሳሙኤል ዘዋልድባ በዓል ይውላልና። ወራቱም ለመንገደኛ የተመቸ ነው፤ ጭቃው ደርቆአል፣ ወንዙ ጎድሎአል፣ እህሉም ደርሶአል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን በክረምት ወንዝ መሻገር ነፍስን ለውኃ አሳልፎ መስጠት ነበርና አባቶች ዝናሙ እስኪወጣ ይጠብቁ ነበር።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። ተሳላሚው ገና ጎህ ሳይቀድ በጋቢው ተጀቡኖ፣ በሶውንና ቆሎውን በአቁማዳ ይዞ፣ መቋሚያውን ጨብጦ ይነሣል። በማለዳ ብርዱ ጣትን ያደነዝዛል። ከገደሉ አፋፍ ሲደርስ ግን የስሜን ተራሮች እንደ ዓምድ ቆመው፣ ከበታቹም ቆላው በጉም ተሸፍኖ ይታየዋል። እዚያ ቆሞ ሳያማትብ የሚወርድ ተሳላሚ ያለ አይመስለኝም።

ቁልቁለት ቀላል የሚመስለው ላልወረደው ሰው ነው። አቀበት ትንፋሽን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ግን ጉልበትን ይሰብራል፣ የእግርን ጥፍር ያወልቃል። በቅሎ ያለውም ሰው ቢሆን በዚህ ገደል ላይ ወርዶ በእግሩ ይሄዳልና ጌታና ሎሌ አንድ ይሆናሉ። ከስኮትላንድ አገር የመጣው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ ከምጥዋ ወደ ጎንደር ሲሄድ በ1762 ዓ.ም. ይህን ገደል ወጥቶ፣ ድካሙን በመጽሐፉ ጽፎአል። ዛሬ መኪና የሚጠማዘዝበት መንገድ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከወረረ በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሳይወጣ ያሠራው ነው። እግረኛው ግን የመኪናውን ጥምዝ ትቶ በአቋራጩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ቀትር ሲሆን የማለዳው ብርድ ተረት ይሆናል። ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶአልና ጋቢው ታጥፎ በትከሻ ላይ ይውላል፣ ቅሉም ባዶ ይሆናል። ሽማግሌዎች በየዛፉ ጥላ ማረፍ ይጀምራሉ፤ ወጣቶችም የደከመውን ሰው ስንቅ ይሸከሙለታል። በዚህ ሰዓት ዳዊት የሚደግም ሰው እንኳ ድምፁ ይሰለላል።

ፀሓይ ስታዘቀዝቅ ዛሪማ ይደርሳል። በአንዱ ደጅ ቆሞ፣ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ይላል። ከውስጥም፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ይባላል። እግሩ በሞቀ ውኃ ይታጠባል፣ እንጀራ ይቈረስለታል። ወደ ዋልድባ የሚሄድ እንደ ሆነ ይህ ማዕድ ልዩ ነገር አለው፤ በዚያ ገዳም መነኮሳቱ እህል አይቀምሱም፣ ምግባቸው ቋርፍ ነውና። እንግዲህ ተሳላሚው ወደማይበላበት ቦታ ሲሄድ የምናበላው እኛ ነን።

በነጋም ጊዜ ባለቤቲቱ ጧፍና ዕጣን አምጥታ፣ «እኔ ልጆች አሉኝ፣ መሄድ አልቻልሁም፤ ስለቴን አድርስልኝ» ትለዋለች። እርሱም ተቀብሎ በአቁማዳው ይከተዋል። በእኔ አሳብ የዚህ መንገድ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። እርስዋ እግሩን አጠበች፤ እርሱም በታጠበው እግር ስለትዋን ተሸክሞ ሄደ።

አሁን ብዙው ተሳላሚ በመኪና ያልፋል። አንዳንዶች በዚህ ያዝናሉ፤ እኔ ግን አልነቅፍም። ጉልበትዋ የደከመ እናት በመኪና ካልሄደች ጽዮንን ሳትሳለም ትሞታለችና። ነገር ግን መኪናው በደጃችን አይቆምም፤ ስለዚህ ውኃ የማሞቅ ልማዳችን ቀስ በቀስ እየቀረ ነው።

በዚህም ላይ የጦርነቱ ነገር ተጨመረ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ በተከዜ ላይ ያለው ድልድይ ፈረሰ፤ በክረምቱም ጦርነቱ አዲ አርቃይን አልፎ እስከ ደባርቅና ዳባት አቅራቢያ ደረሰ። በፕሪቶሪያ የሰላም ውል የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት እንግዳ መቀበል ይቅርና ባለቤቱ ራሱ ቤቱን ትቶ በሰው ደጅ የመሸበት እንግዳ ሆኖ ያደረ አለ። የተቀበሉትም ሰዎች ስለ ዘሩ ሳይጠይቁ ተቀብለውታል። ያን ሌሊት ያየ ሰው ከእንግዲህ ወዲያ ደጁን ለመንገደኛ ቢዘጋ እጅግ ያስደንቀኛል።

ስለዚህ ለደብሩ የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። ለዚህ በዓል ከተዋጣው ገንዘብ ጥቂቱ ተከፍሎ፣ በቅጥሩ አጠገብ ለተሳላሚ ማደሪያ አንድ ክፍል ይሠራ። ውኃ መያዣ እንስራ፣ የእግር መታጠቢያ ገበቴና ጥቂት ምንጣፍ ይበቃል። ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ የአባ ሳሙኤል በዓል እስኪያልፍ ድረስ በየሌሊቱ መብራት ይብራበት። እንጨቱንና ውኃውን ማኅበራት በየተራ ያቅርቡ። ቁልፉን የሚይዘውን ሰው ግን ሰበካ ጉባኤው ሳይውል ሳያድር፣ ዛሬ ከማዕዱ በኋላ ቢመርጥ መልካም ነው፤ ኅዳር ቅርብ ነውና።